ሠላሳ ሁለት ዓመት የሄድንበት መንገድ ታጠረ

የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም ስለ ድንበርና ስለ አጥር ጽፌ ነበር። ከዚያ ወዲህ የመጡልኝን ደብዳቤዎች ሳገላብጥ ብዙዎቹ ዞረው ዞረው አንድ ነገር ይጠይቃሉ፦ በሰው መሬት ላይ ያለ፣ ግን ሕዝብ ለዘመናት ሲመላለስበት የኖረ መንገድ የማን ነው? ስድስቱን መርጫለሁ። ሕጉ ከአገር አገር ስለሚለያይ የየትኛውን አገር እንደምጠቅስ እየተናገርኩ እሄዳለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ጉዳዩ ፍርድ ቤት የሚደርስ ከመሰላችሁ የአካባቢያችሁን ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ አማክሩ። ወደ ጠበቃው ምን ይዛችሁ መሄድ እንዳለባችሁ ግን ከዚህ ታገኛላችሁ ብዬ አምናለሁ።

ውድ አዘጋጅ፣ ከቤታችን ጀርባ በአንድ ሰው መሬት ላይ የሚያልፍ ቀጭን መንገድ አለ። እኔ ከተወለድኩ ጀምሮ፣ ማለትም 32 ዓመት ሙሉ፣ ሰው ሁሉ በዚያ ነው የሚሄደው። ተማሪው፣ ሠራተኛው፣ ልጇን ያዘለችው እናት። አምና መሬቱ ተሸጠ። አዲሱ ባለቤት አንድ ቅዳሜ ጠዋት በሽቦ አጠረውና «የግል ንብረት» የሚል ሰሌዳ ሰቀለ። ስንጠይቀው ካርታውን አውጥቶ አሳየን። እውነትም ካርታው ላይ መንገድ የሚባል ነገር የለም። በቃ አለቀ ማለት ነው? ሽቦውን ቆርጠን እንለፍ የሚሉ ልጆችም አሉ።
*መንገዴ የተዘጋብኝ*

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ሽቦው አይቆረጥ። ለልጆቹ ዛሬውኑ ንገሪያቸው። ምክንያቱን እመለስበታለሁ።

አላለቀም። ካርታ ላይ አለመኖሩ ብቻውን መንገዱን አያጠፋውም። በብዙ አገሮች ሕዝብ አንድን መንገድ በግልጽ፣ ማንንም ሳያስፈቅድ፣ ለረጅም ጊዜ ከሄደበትና ባለመሬቱም እያየ ዝም ካለ፣ ያ ዝምታ እንደ ስጦታ ይቆጠራል። ባለመሬቱ መንገዱን ለሕዝብ ሰጥቷል ተብሎ ይገመታል ማለት ነው። በእንግሊዝና በዌልስ ይህ በ1980 በወጣው የመንገዶች ሕግ አንቀጽ 31 ላይ ተጽፏል፤ የሚጠየቀው ጊዜም 20 ዓመት ነው። በስኮትላንድም እንዲሁ 20 ዓመት ነው፣ ሕጉ ግን ሌላ ነው፣ የ1973።

ሃያው ዓመት ከየት ይጀምራል? ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። በእንግሊዙ ሕግ የሚቆጠረው መብቱ ጥያቄ ውስጥ ከገባበት ቀን ወደ ኋላ ነው። ለእናንተ ያ ቀን ሽቦው የተወጠረበት ቅዳሜ ነው። ስለዚህ ቀኑን ሳትረሺው ጻፊው፣ ፎቶም ካለሽ አስቀምጪው። ከዚያ ቅዳሜ ወደ ኋላ 20 ዓመት ስትቆጥሪ መንገዱ በመሃል አንድም ጊዜ ሳይዘጋ ሰው ሲመላለስበት ከነበረ መሠረት አላችሁ። አዲሱ ሰውዬ «እኔ የገዛሁት ገና አምና ነው» ማለቱ አያዋጣውም። መብቱ ከእሱ በፊት ተወልዶ ከሆነ መሬቱን የገዛው ከነመንገዱ ነው።

ግን ዝም ብሎ መሄድ ብቻ አይበቃም፣ አካሄዱም ይታያል። ከሮማውያን የወረደ አባባል አለ፣ የእንግሊዝ ዳኞች እስከ ዛሬ በላቲኑ ይጠሩታል፦ «ኔክ ቪ፣ ኔክ ክላም፣ ኔክ ፕሬካርዮ»። በጉልበት ሳይሆን፣ በድብቅ ሳይሆን፣ በፈቃድ ሳይሆን ማለት ነው። ድብቁ ግልጽ ነው፤ ባለመሬቱ ሲተኛ ጠብቆ በሌሊት ሹልክ የሚል ሰው መብት አያገኝም፣ ምክንያቱም ባለመሬቱ ያላየውን ነገር ሊቃወም አይችልም። ጉልበቱም ግልጽ ነው፣ ሽቦ መቁረጥ፣ በር መስበር፣ አጥር መዝለል። ልጆቹን አስቁሚ ያልኩሽ ለዚህ ነው። ከዛሬ ጀምሮ በተቆረጠ ሽቦ የሚያልፍ እግር ለእናንተ አንዲት ቀን አይጨምርም፣ ይልቁንም ለሰውዬው የክስ ምክንያት ይሰጠዋል።

ሦስተኛው፣ ፈቃዱ፣ ግራ ያጋባል። ሰው ሁሉ «የድሮው ባለቤት እኮ ደግ ሰው ነበሩ፣ እለፉ ይሉን ነበር» እያለ በኩራት ይመሰክራል። ይህ ምስክርነት ግን የራሳችሁን ጉዳይ ይጎዳል። «እለፉ» ካሏችሁ በፈቃዳቸው ነው የሄዳችሁት፣ የተፈቀደ ነገር ደግሞ ሊነሳ ይችላል። ሰውዬው እያዩአችሁ ምንም ካላሉ ግን ነገሩ ሌላ ነው። አይቶ ዝም ማለትና አፍ አውጥቶ መፍቀድ በሕግ ዓይን የተለያዩ ናቸው፣ በኑሮ ግን ልዩነታቸው አይታወቅም። ስለዚህ ሰዎቻችሁን ስትጠይቂ የድሮው ባለቤት ምን እንዳሉ ቃል በቃል አጣሪ። እውነቱን ግን አትለውጡት፤ የተመከረ ምስክር በመስቀለኛ ጥያቄ ይፈርሳል፣ ደግሞም ትክክል አይደለም።

አንድ ነገር አትጨነቁበት። «መብታችን መሆኑን እናውቅ ነበር ወይስ አናውቅም?» የሚለው አይጠየቅም። በ1999 የእንግሊዝ የጌቶች ምክር ቤት (ያኔ የአገሪቱ የመጨረሻ ፍርድ ቤት የነበረው) በሰኒንግዌል መንደር ጉዳይ ላይ ዳኛው ሎርድ ሆፍማን በጻፉት ፍርድ በሰዎቹ ልብ ውስጥ የነበረው እምነት አይመረመርም ብሏል። የሚታየው ከውጭ ነው፦ ባለመብት እንደሚሄድ ሄዳችኋል ወይ?

አሁን ወደ ሥራው። የሚጠቅምሽ የእያንዳንዱ ሰው የጽሑፍ ቃል ነው። ከየትኛው ዓመት እስከ የትኛው ዓመት ሄደ፣ በሳምንት ስንት ጊዜ፣ በእግር ነው በብስክሌት፣ ከየት ተነስቶ ወዴት። መንገዱን ራሱ በእጁ በንድፍ ይሳለው፣ አንዱ የሌላውን እያየ አይሳል። በር ነበረ? ተቆልፎ ያውቃል? ሰሌዳ ነበረ? ባለመሬቱን አግኝቶት ያውቃል፣ ምን ተባባሉ? ለባለመሬቱ ይሠራ ነበር ወይስ ከእሱ ተከራይቶ ነበር? ይህን የመጨረሻውን አትዝለዪው፣ ተቀጣሪና ተከራይ በፈቃድ እንደሄዱ ሊቆጠሩ ይችላሉ። «ሁላችንም በዚያ እንሄድ ነበር» የሚል አንድ ወረቀት ላይ መቶ ሰው ቢፈርም፣ እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ታሪክ የጻፉ አሥራ አምስት ሰዎችን አያህልም።

በስኮትላንድ፣ ግሌን ዶል በተባለ ሸለቆ፣ ልክ የእናንተ ዓይነት ነገር ሆኖ ነበር። ዱንካን ማክፈርሰን የተባለ ባለሀብት መሬቱን ገዛና ሰው እንዳያልፍ ከለከለ። የመንገድ መብት ማኅበሩ ከሰሰው። ፍርድ ቤት ቀርበው ጉዳዩን ያሸነፉት ጠቢባን አልነበሩም፣ እረኞች ነበሩ፤ በጎቻቸውን በዚያ ሸለቆ ወደ ገበያ እንደነዱ መሰከሩ። በ1888 የጌቶች ምክር ቤት ለእግረኞቹ ፈረደ። መንገዱ ጆክስ ሮድ ይባላል፣ ዛሬም ይሄዱበታል። ግን ይህንንም ልንገርሽ፣ ክርክሩ ሁለቱንም ወገን አክስሯል። ስለዚህ ክስ ከመክፈታችሁ በፊት የጽሑፍ ቃሎቹን ሰብስባችሁ ለሰውዬው አሳዩት። አዲስ ባለቤት ነው፣ ምናልባት መንገዱ ሳይነገረው ይሆናል የገዛው። ሃያ ሰው በየራሱ እጅ የጻፈውን ሲያይ ብዙ ሰው ይለሰልሳል።

ልጆቹን የሚያስቆም ታሪክ ካስፈለገሽ ደግሞ ይኸውልሽ። በ1896 በእንግሊዝ ቦልተን ከተማ አጠገብ ዊንተር ሂል በተባለ ኮረብታ ላይ ባለመሬቱ ኮሎኔል ኤንስዎርዝ መንገዱን በበር ዘጋ። በአንድ እሑድ 10,000 የሚያህል ሰው ወጥቶ በሩን ሰብሮ አለፈ። እኔ እነዚያን ሰዎች አከብራለሁ፣ የተናደዱበትም ምክንያት ይገባኛል። ግን መሪዎቹ ተከሰሱ፣ ተረቱም። መንገዱ በይፋ የሕዝብ የሆነው በ1996 ነው። መቶ ዓመት!

ሰላም ለእናንተ፣ እኛ ወደ ዋናው መንገድ የምንወጣው በአንድ ድርጅት ግቢ አቋርጠን ነው። በሩ አጠገብ «ለሠራተኞች ብቻ» የሚል ሰሌዳ አለ፣ ግን ማንም ከቁም ነገር ቆጥሮት አያውቅም፣ ድርጅቱም አንድ ቀን እንኳ አስቁሞን አያውቅም። 25 ዓመት አልፎናል። አሁን ሊዘጉት ነው ይባላል። እነሱ ራሳቸው ሰሌዳውን ካላስከበሩት እኛን ምን አገባን?
*አቋራጭ ወዳጅ*

ወንድሜ፣ መልሱ ደስ አይልህም። ሰሌዳው ግልጽ ከሆነና ሁሉም ከሚያየው ቦታ ላይ ከተሰቀለ ጉዳያችሁ ከባድ ነው።

በ2016 የእንግሊዝ ይግባኝ ፍርድ ቤት አንድ ክርክር አይቶ ነበር። የአንድ ክበብ መኪና ማቆሚያ ግድግዳ ላይ «የግል መኪና ማቆሚያ፣ ለክበቡ ደንበኞች ብቻ» የሚል ሰሌዳ ነበር። አጠገቡ ያለ ጥብስ ቤት ባለቤቶች፣ ደንበኞቻቸውም ጭምር፣ ሰሌዳውን ንቀው ለዓመታት መኪና ሲያቆሙበት ቆዩና መብት አለን አሉ። ፍርድ ቤቱ አልተቀበላቸውም። ባለንብረቱ በሰሌዳ ተቃውሞውን ከተናገረ መኪና እያስቆመ መጨቃጨቅ፣ ደብዳቤ መላክ፣ ክስ መክፈት አይጠበቅበትም አለ። ያ ክርክር ስለ ግል መብት ነበር፣ ሐሳቡ ግን ለእናንተም ይሠራል፣ ምክንያቱም የሕዝብ መንገድ የሚወለደው ከባለመሬቱ ዝምታ ነው። ሰሌዳ የሰቀለ ሰው ዝም አላለም።

እኔ ይህ ፍርድ ትክክል ይመስለኛል። ሰላማዊ ሰው ሰሌዳ ሰቅሎ ስለተወ፣ ጉልበተኛ ዘበኛ ከሚያቆም ሰው ያነሰ መብት ሊኖረው አይገባም።

ሆኖም ሁለት ነገር አጣራ። አንደኛ፣ ሰሌዳው የተሰቀለው መቼ ነው? አንተ «አለ» አልክ እንጂ ከመቼ ጀምሮ እንዳለ አልነገርከኝም። ከአምስት ዓመት ወዲህ የተሰቀለ ከሆነ ከዚያ በፊት የነበረው 20 ዓመት ራሱን ችሎ ሊቆጠር ይችላል። ሁለተኛ፣ ቃሉን በደንብ አንብበው። መኪና ማቆምን የሚከለክል ሰሌዳ እግረኛን አይመለከትም። ፎቶ አንሳው፣ የዛገ መሆን አለመሆኑም ይታይ፣ የድሮ ፎቶዎች ላይ መኖር አለመኖሩንም ፈልግ። ሰሌዳውን ማንሳት ወይም ማበላሸት ግን አይታሰብ። በእንግሊዙ ሕግ ሰሌዳው የተቀደደበት ባለመሬት ለአካባቢው አስተዳደር በጽሑፍ ካሳወቀ እንደተሰቀለ ይቆጠርለታል።

ልጄ፣ እኔ 71 ዓመቴ ነው። በማሳዬ ዳር ሰዎች ያልፋሉ፣ ዓመታቸውን አልቆጠርኩም። ሲያልፉ ሰላም ይሉኛል፣ እኔም ደስ ይለኛል። አሁን ልጆቼ «መሬቱን ሊነጥቁህ ነው፣ ቶሎ እጠረው» እያሉ እንቅልፍ ነሱኝ። ሰው ማሳለፍ ጥፋት ሆነ እንዴ? አሥራ ሦስት ዓመት ቢሆናቸው ነው፤ ገና ነው ብዬ ልተወው ወይስ ልጠር?
*ባለማሳው*

አባቴ፣ አይጠሩት። መጀመሪያ ልጆችዎን ላረጋጋ። የመንገድ መብት ማለት የማለፍ መብት ብቻ ነው። መሬቱ የእርስዎ ሆኖ ይቀጥላል፣ ማንም ቤት አይሠራበትም፣ አይሸጠውም፣ አያርሰውም። መሬት ይዞ በይርጋ የራስ ማድረግ የሚባለው ሌላ ነገር ነው፣ ልጆችዎ ሁለቱን አቀላቅለውታል።

የማለፍ መብቱም እንዳይወለድ ከፈለጉ መፍትሔው ከአጥር ይልቅ ቃል ነው። እስካሁን ዝም ብለው አሳልፈዋል። አሁን አፍ አውጥተው ይፍቀዱ። «ይህ መንገድ በባለመሬቱ ፈቃድ ክፍት ነው፣ ፈቃዱ በማንኛውም ጊዜ ሊነሳ ይችላል» የሚል ትንሽ ሰሌዳ በሁለቱም ጫፍ ይስቀሉ። ከዚያ ቀን በኋላ የሚያልፍ ሰው ሁሉ የእርስዎ እንግዳ ነው። ሰላምታውም አይቀርብዎትም።

በአንዳንድ ቦታ ባለመሬቶች በዓመት አንድ ቀን መንገዱን ይዘጋሉ። በኒው ዮርክ መሃል ያለችው ሮክፌለር ፕላዛ የግል መንገድ ናት፣ በዓመት አንድ ቀን የምትዘጋው የግል መሆኗ እንዳይረሳ ነው። በእንግሊዝ ደግሞ ባለመሬቱ ካርታና መግለጫ ለአስተዳደሩ አስገብቶ «ከእነዚህ ሌላ ለሕዝብ የሰጠሁት መንገድ የለም» ብሎ ማስመዝገብ ይችላል። የእርስዎ አገር እንዲህ ያለ መዝገብ ይኑረው አይኑረው ልጆችዎ ያጣሩልዎ፣ እንቅልፍ ከሚነሱዎት ይልቅ።

ምንም ቢያደርጉ ግን በልብዎ አይያዙት፣ መሳቢያ ውስጥም አይቆልፉት። በ2007 በጎድማንቸስተር ጉዳይ የእንግሊዝ የጌቶች ምክር ቤት፣ ባለመሬቱ መንገዱን ለሕዝብ የመስጠት ሐሳብ እንዳልነበረው የሚያሳይ ማስረጃ ለመንገደኞቹ ሊታይ የሚችል መሆን አለበት ብሎ ወስኗል። ለጠበቃ በምስጢር የተጻፈ ደብዳቤ ለመንገደኛው አይደርሰውም። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፣ በመንገድ ነገር ግን ዝምታ ዋጋ ሊያስከፍልዎ ይችላል።

የሚያሳስበኝን ደግሞ ልንገርዎ። የእርስዎ ዓይነት ደግ ሰው በሕግ ፍርሃት ሲያጥር አይቻለሁ። በካሊፎርኒያ በ1970 የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሕዝብ ለአምስት ዓመት የተጠቀመበት የባሕር ዳር መሬት ለሕዝብ እንደተሰጠ ይቆጠራል ብሎ ፈረደ። አምስት ዓመት ብቻ! ለእግረኛው ድል መስሎ ነበር። ባለመሬቶቹ ግን ደነገጡ፣ እስካሁን ክፍት የነበረውን ሁሉ ማጠር ጀመሩ። በማግስቱ ዓመት የሕግ አውጪው ምክር ቤት ደግ ባለመሬት በደግነቱ እንዳይጎዳ የሚል አዲስ ሕግ አወጣ። እግረኛን የሚጠብቅ ሕግ ለባለመሬቱም «ፈቅጃለሁ» የሚልበት ቀላል መንገድ ካልተወለት መጨረሻው ሽቦ ነው፣ ይህን ከልቤ ነው የምለው።

«አሥራ ሦስት ዓመት» ያሉትን ገና ነው ብለው እየቆጠሩ ከሆነ አይቁጠሩ፣ ሰዎቹ ከእርስዎ በፊት ከነበረው ባለቤት ጊዜ ጀምሮ ሲያልፉ ከነበረ ያ ዘመንም ይደመራል። ሃያው ዓመት ሞልቶ ከሆነ ደግሞ ዛሬ የሚሰቅሉት ሰሌዳ ያለፈውን አይመልሰውም። እንደዚያም ቢሆን የሚያጡት አንድ ቀጭን መንገድ ነው፣ ሰዎቹ አሁንም የሚሄዱበትን።

ጤና ይስጥልኝ፣ መሬታችን ዙሪያውን በሌሎች ሰዎች መሬት የተከበበ ነው። መውጫችን በጎረቤት በኩል ነው፣ የምንጠቀምበትም እኛ ቤተሰቦች ብቻ ነን። 40 ዓመት አለፈ። ይሄም የሕዝብ መንገድ ይባላል?
*የተከበብን*

አይባልም። አንድ ቤተሰብና ወደ እሱ የሚመጡ እንግዶች ሕዝብ አይደሉም፣ መብቱ ቢኖርም የመሬታችሁ የግል መብት ነው። እዚህ ላይ አገርና አገር በጣም ይለያያል። እንግሊዝ ውስጥ እንዲህ ያለ የግል የማለፍ መብትም በ20 ዓመት ሊገኝ ይችላል። በፈረንሳይ የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን የማለፍ መብት በጽሑፍ ሰነድ እንጂ በጊዜ ርዝመት አይገኝም፣ መቶ ዓመት ብትሄዱም (አንቀጽ 691)። ግን አትደንግጡ። እዚያው ሕግ አንቀጽ 682 መውጫ ያጣ መሬት ያለው ሰው ጎረቤቱን መውጫ እንዲሰጠው መጠየቅ ይችላል ይላል፣ ለሚደርሰው ጉዳት ካሳ ከፍሎ። 30 ዓመት ያለማቋረጥ ከሄደ ደግሞ የማለፊያው መስመርና አኳኋን በዚያው ይጸናል። ስለዚህ ጠበቃችሁን መጀመሪያ የምትጠይቁት «ስንት ዓመት ሄድን?» የሚለውን አይደለም፣ «መውጫ ለሌለው መሬት ሕጉ ምን ይላል?» የሚለውን ነው።

ውድ አዘጋጅ፣ እኛ የምንሄድበት ቦታ መንገድ የለውም። ሜዳ ነው። ልጆች ይጫወቱበታል፣ ትልልቆቹ እንንሸራሸርበታለን፣ አንዱ በዚህ አንዱ በዚያ። ከ20 ዓመት በላይ ነው። ሊታጠር ነው። የእኛስ?
*የሜዳው ጎረቤቶች*

መንገድ መነሻና መድረሻ፣ የታወቀም መስመር ይፈልጋል። በሜዳ ላይ እንደልብ መንሸራሸር የመንገድ መብት አይሰጥም። በመካከሉ ሁሉም የሚከተለው አንድ የተረገጠ መስመር ካለ ግን እሱን ለብቻው መጠየቅ ይቻላል፣ ሣሩ የሞተበትን መስመር ከላይ የተነሳ የድሮ ፎቶ ያሳያል።

ሜዳውን በሙሉ ለማዳን ሌላ መንገድ አለ። በእንግሊዝ የአካባቢው ሰዎች ለ20 ዓመት ለጨዋታና ለመዝናናት የተጠቀሙበት መሬት የመንደር ሜዳ ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል። ሬድካር በተባለች ከተማ ሜዳው የጎልፍ መጫወቻም ነበር። ነዋሪዎቹ ጎልፍ ተጫዋቾቹ እስኪመቱ ቆመው ያሳልፏቸው ነበር። ባለመሬቱ «ቦታ ከለቀቁላቸው መብት የለንም ማለታቸው ነው» ብሎ ተከራከረ። በ2010 የእንግሊዝ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አልተቀበለውም፣ ጨዋነት መብት አያሳጣም ማለት ነው። እኔ ይህን ፍርድ በጣም ነው የምወደው።

በአሜሪካ ኦሪገን ደግሞ በ1966 አንድ የሞቴል ባለቤት ካነን ቢች ላይ ከሞቴሉ ፊት ያለውን ደረቁን አሸዋ ለእንግዶቹ ብቻ ብሎ ከለለ። ሰው ተቆጣ፣ በሚቀጥለው ዓመት በአገረ ገዢው ቶም ማኮል ጊዜ የባሕር ዳርቻ ሕግ ወጣ። በ1969 የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለሕዝብ ፈረደ፣ የተመሠረተውም በነባር ልማድ ላይ ነበር፤ ሰው ከሚያስታውሰው ዘመን ጀምሮ ሁሉም በሰላም ሲጠቀምበት የኖረ ነው አለ። እናንተም የአገራችሁ ሕግ የነባር ልማድን መብት ያውቅ እንደሆነ አስጠይቁ። ስዊድንና ኖርዌይ የመሳሰሉት ደግሞ ይህን ሁሉ ጣጣ አያውቁትም፣ እዚያ ማንም ሰው ንብረት ሳያበላሽና ሰው ሳያስቸግር በገጠር ሰው መሬት ላይ መሄድ ይችላል። ለእኔ ከሁሉም የተሻለው ይህ ነው።

ሰላም፣ እናቴ 84 ዓመቷ ነው። የተዘጋውን መንገዳችንን ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። ግን ዓመቶቹን ታምታታለች፣ አንዳንዴ የትናንቱን ትረሳለች። ወንድሞቼ «የእሷ ቃል ምን ይረባል፣ አታድክሟት» ይላሉ። ይጠቅማል?
*የልጅ ልጅ ያለኝ*

በጣም ይጠቅማል። የትናንቱን የረሳ ሰው የልጅነቱን መንገድ ብዙ ጊዜ አይረሳም፣ የትኛው ድንጋይ ላይ ይቀመጡ እንደነበር ሳይቀር ይነግርሻል።

አንድ ነገር ላጫውትሽ። ልጅ ሆኜ የምሄድበት መንገድ ከዓመታት በኋላ ተዘጋ። ተሰብስበን ማስረጃ እንፈልግ አልን። ሁሉንም ነገር የሚያውቁ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፣ በሩ መቼ እንደተሠራ፣ ማን እንደሠራው፣ ተቆልፎ እንደማያውቅ። «እሳቸው አሉልን» እያልን ስድስት ወር ስለ ጠበቃ ክፍያ ስንጨቃጨቅ ከረምን። እሳቸው ጋ የሄደ ሰው አልነበረም። ሞቱ። የእኛ ትዝታ ለ20 ዓመት አልበቃም፣ መንገዱም እንደተዘጋ ቀረ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ወረቀትም ይጠፋል እንጂ ሰው ብቻ አይደለም የሚጠፋው። ራምብለርስ የሚባለው የእግረኞች ማኅበር በ2020 በጎ ፈቃደኞችን አስተባብሮ የእንግሊዝንና የዌልስን የድሮ ካርታዎች ከዛሬው ጋር ቢያስተያይ ከመዝገብ የወጡ 49,000 ማይል መንገዶች አገኘ፣ ወደ 79,000 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ። የእናትሽን ቃል ከእንዲህ ያለ የድሮ ካርታ ጋር ስታገናኚው እጥፍ ክብደት ይኖረዋል።

ዓመት አትጠይቂያት። «አንቺ ስትዳሪ በዚያ ነው የሄዳችሁት?» በያት። «ታላቅ ወንድሜ ሲወለድ?» «አባባ ሲታመሙ ሐኪሙ በየት መጣ?» ዓመቱን አንቺ ከልደትና ከሰርግ ወረቀት ትደርሺበታለሽ። የተናገረችውን በራሷ ቃል ጻፊው፣ አታስተካክዪው፣ ያላስታወሰችውንም «አላስታውስም» ብለሽ አስገቢው። በስልክሽም ቅጂው። መልሰሽ አንብቢላትና ትፈርም፣ ቤተሰብ ያልሆነ ምስክር አጠገቧ ባለበት። መራመድ ከቻለች እስከ አጥሩ ድረስ ይዘሻት ሂጂና በጣቷ ታሳይሽ።

ወንድሞችሽን አትጠብቂያቸው። ጠዋት ጠዋት ነቃ የምትል ከሆነ ነገ ጠዋት ይሁን።